አማርኛውንስ ከማን ገዛኸው?

እንደው መቼም ሰው ገንዘቡን የበተነበትን ነገር ሁሉ እየቆጠረ ቢጽፍ አንድ ደህና መጽሐፍ ይወጣው ነበር። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ግን የራሴን ገንዘብ ስለበተንኩበት ጉዳይ አይደለም፤ የእኅቴን ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ዶላር። በ1997 ዓ.ም. ምንዛሪ ሦስት መቶ ሠላሳ ብር አለፍ ይላል። የተገዛው ዕቃ አይበላ፣ አይለበስ፣ በእጅ አይዳሰስ። የኢንተርኔት ማሰሻ ነው፤ ብራውዘር የምንለው። ያውም ሰው ሁሉ ለሚጠቀምበት ለዊንዶውስ ሳይሆን ሊኑክስ ለሚባለው ለሌላኛው ሲስተም የተሠራ።

"ደግሞ ብራውዘር ይገዛል እንዴ?" የምትሉኝ ትኖራላችሁ። እውነት አላችሁ፤ ዛሬ ገዝቶ የሚጠቀም ሰው አላውቅም። ያኔ ግን ይገዛ ነበር። ብዙዎቻችን ኢንተርኔትን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየንበት ኔትስኬፕ እ.ኤ.አ. በ1994 ሲወጣ ለተማሪ በነጻ፣ ለመሥሪያ ቤት ግን በገንዘብ ነበር። ማይክሮሶፍት ኢንተርኔት ኤክስፕሎረርን ከዊንዶውስ ጋር መርቆ ማደል ሲጀምር ጨዋታው ፈረሰ። አንዱ በነጻ የሚያድለውን ሌላው እንዴት አድርጎ ይሽጥ? ኔትስኬፕም እ.ኤ.አ. በጥር 1998 እጁን ሰጠ። ብራውዘሩን በነጻ ለቀቀው፤ የተሠራበትን ጽሑፍ፣ ሶርስ ኮድ የሚሉትን፣ ለዓለም እንደሚከፍትም አስታወቀ። ኋላ ፋየርፎክስ የበቀለው ከዚያ ዘር ነው። ኦፔራን የሚሠሩት ኖርዌዮች ግን "እኛስ እንሸጣለን" ብለው ከረሙ። እ.ኤ.አ. ከ2000 መጨረሻ ወዲህ ያልከፈለም ሰው ሊጠቀምበት ይችል ነበር፤ ከአናቱ ላይ የማትነቀል ማስታወቂያ ተለጥፋበት ነው እንጂ። ማስታወቂያዋን ለማስነሳት ሠላሳ ዘጠኝ ዶላር ነው።

እኔ ታዲያ እዚህ ውስጥ ምን ዶለኝ? ቫይረስ።

በዚያን ዘመን ኮምፒዩተር የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ፍላሽ ዲስክ የሚባለው ነገር መጣና ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ቢሮ ጉንፋን የሚያዞር ሆነ። ጽሑፌን ይዤ ወደ ጋዜጣው ቢሮ እሄዳለሁ፤ ቤቴ ስመለስ ጽሑፌ የለም፣ በምትኩ ስሙን የማላውቀው ፋይል ተኮፍሶ ተቀምጧል። ፀረ ቫይረሱም የተሰረቀ ስለሆነ አይታደስም፤ የሞተ ዘበኛ በሉት። አንድ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ወዳጄ ልቅሶዬ ሰለቸውና "አንተ ሰውዬ፣ ለምን ሊኑክስ አትጭንም?" ብሎ ኡቡንቱ የሚባል ሲዲ ሰጠኝ። በፖስታ ሳጥን ቁጥሩ የመጣለት ነው። ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ያቋቋመው ካኖኒካል የተባለ ድርጅት እስከ እ.ኤ.አ. 2011 ድረስ ለጠየቀ ሁሉ ይልክ ነበር፤ የፖስታውን እንኳ ሳያስከፍል።

ጫንኩት። ቫይረሱ ቀረ። አማርኛውም አብሮ ቀረ! የምጽፍበት ፓወር ግዕዝ የተሠራው ለዊንዶውስ ነዋ። ስለዚህ ኮምፒዩተሬን ሁለት ክፍል እንዳለው ቤት ከፈልኳት። በአንደኛው ክፍል ዊንዶውስና ፓወር ግዕዝ ለጽሕፈት፣ በሌላኛው ሊኑክስ ለኢንተርኔት። በሊኑክሱ በኩል ያለው ሁሉ ባለቤቶቹ ወደው የሰጡት ነው። በዊንዶውሱ በኩል ያለው ሁሉ፣ ዊንዶውሱም ፓወር ግዕዙም፣ አንዲት ሳንቲም ያልተከፈለበት ነው። ይህችን ያዙልኝ፤ እመለስባታለሁ።

ኮምፒዩተሬ አሮጌ ናት። ፋየርፎክስን እስክትከፍት ቡና ተቆልቶ ይደርሳል። ኦፔራ ግን ቀለል ያለ ነበር። ሥዕሉን በአንድ ጠቅታ አስቀርቶ ጽሑፉን ብቻ ያመጣልኛል። ኢንተርኔቱ በስልክ መስመር እየተንቋረረ በሚገባበት፣ ቆጣሪው በደቂቃ በሚሮጥበት ዘመን ይኼ ትንሽ ነገር አልነበረም። ምን ዋጋ አለው፣ ያች የአናት ማስታወቂያ! እኔ ሥዕል ይቅርብኝ ብዬ እዘጋለሁ፣ እሷ ግን ያሻትን ይዛ ከች ትላለች። በማልደርስበት አገር፣ በማልይዘው ገንዘብ የሚሸጥ ዕቃ ማስታወቂያ እኔ በደቂቃ እየከፈልኩ ቤቴ ድረስ አስመጣለሁ። ሰው በገዛ ኪሱ ደላላ ቀጥሮ ራሱን ያስጨቀጭቃል?

ልክፈል ብልስ በምን? ብር ከአገር አይወጣም። ክሬዲት ካርድን የማውቀው በፊልም ነው። እስቲ ባንክ ቤት ሄጄ የውጭ ምንዛሪ መስኮት ላይ "ብራውዘር ልገዛ ነበር" ስል በዓይነ ሕሊናችሁ ተመልከቱኝ። ለመድኃኒት የተሰለፈው ሰው ምን ይለኝ ነበር?

ዋሽንግተን አካባቢ አረጋውያን የምትንከባከብ ታላቅ እኅት አለችኝ። ያን ጊዜ በሰዓት ሰባት ዶላር ነበር የሚከፍሏት። ከሷም ላይ ለእናታችን መካነ ኢየሱስ ትልካለች። ሐምሌ መግቢያ ላይ ደወለች።

"ላንተስ ምን ልላክ? ጫማ? ሰዓት?"

"እታለም፣ በካርድሽ አንድ ነገር ክፈይልኝ።"

"ምን?"

"ብራውዘር።"

"ምንድነው እሱ?"

"ኢንተርኔት የሚታይበት።"

ቆየት አለች። "እዚህ እኮ በነጻ ነው" አለችኝ።

"የኔ ኮምፒዩተር ሌላ ዓይነት ነው" አልኳት። ውሸትም እውነትም ነው። ፋየርፎክስ ለሊኑክስም በነጻ እንዳለ አልነገርኳትም።

ከፈለች። የፈቃዱ ቁጥር በኢሜይል መጣ። ቁጥሩን እየቆጠርኩ አስገባሁና ቁልፉን ስነካው ያች ማስታወቂያ ብን ብላ ጠፋች። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የተከፈለበት፣ በስሜ የተመዘገበ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ባለቤት ሆንኩ። ሰው ቢመጣ ኦፔራን ከፍቼ "ይኼ እንኳ ሕጋዊ ነው" እላለሁ፣ ሳልጠየቅ። የእኅቴ የአምስት ሰዓት ተኩል ቁም ስቅል መሆኑን ያሰላሁት ዘግይቼ ነው።

ነሐሴ 24 ቀን ኦፔራ አሥረኛ ዓመቱን ሲያከብር ለአንድ ቀን የፈቃድ ቁጥር ለጠየቀ ሁሉ አደለ። እኔ አልሰማሁም። መስከረም 10 ቀን 1998 ዓ.ም. ደግሞ ማስታወቂያውንም ዋጋውንም ጨርሶ አነሳው። ይህንኛውን ሰማሁ። ባለቤትነቴ ሁለት ወር ከምናምን ቆየ ማለት ነው። ማንንም አልወቅስም፤ ባለ ዕቃ በዕቃው ያዛል። እንዲያውም ለሌላው ሰው ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር። አላለኝም።

በዚያው ሰሞን ለመስቀል አገሬ ሄድኩ። ከባሕር ዳር በሐሙሲት፣ በአንበሳሜ አድርጎ እስቴ የሚያገባው መንገድ ያን ጊዜ ጠጠር ነበርና አቧራዬን አራግፌ ሳልጨርስ እናቴ ያዘችኝ። እኅቴ በስልክ ነግራታለች።

"እኅትህ ዕቃ ገዛሁለት ትላለች። የታል?"

"ዕቃ አይደለም እማ፤ ፈቃድ ነው።"

"የምን ፈቃድ?"

እንግዲህ አስረዳ! ፊደል ላልቆጠረች እናት ኖርዌይ አገር ያሉ ሰዎች የሠሩት፣ አዲስ አበባ ያለ ማሽን ውስጥ የሚገባ፣ የማይታይ ነገር የመጠቀም ፈቃድ ምን ተብሎ ይነገራል? ደግነቱ በክልሉ የመሬት ይዞታ ደብተር የሚታደልበት ዘመን ነበር። አባታችን ካረፈ ወዲህ በእናቴ እጅ ያለው ማሳ ተለክቶ ተመዝግቦ ፎቶግራፏ የተለጠፈበት ደብተር ተሰጥቷታል። መሬቱ የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አትሸጪውም፣ ማረሱና ለልጅ ማውረሱ ግን ያንቺ ነው ተብላለች። እኔም በዚያው በር ገባሁ።

"ይኸውልሽ፣ ፕሮግራሙ የሠሪዎቹ ነው። እኔ አልሸጠውም፣ አባዝቼም ለሌላ አልሰጠውም። መጠቀሙ ግን የኔ ነው። እኅቴ የከፈለችው ለመጠቀሚያው ነው።"

ወዲያው ገባት። የሕግ ሰዎች የሶፍትዌር ውል ምንነት ሲያብራሩ ሰምቼ አውቃለሁ፤ እንዲህ ፈጥኖ የገባው ሰው ግን አላየሁም።

"እንግዲያ ደብተሩ የታል?"

ቁጥሩ የመጣበትን ኢሜይል በወረቀት አትሜ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ዞር ነበር (ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ)። ሰጠኋት። ወዲያ ወዲህ ገልብጣ አየችውና "ፎቶህ የለበትም" አለች። አጥፋ ሳጥኗ ውስጥ፣ ከመሬት ደብተሯ ጎን ከተተችው።

እዚያ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? አልቻልኩም። "አሁን እንኳ በነጻ ሆኗል" አልኳት።

"ለማን?"

"ለሁሉም።"

"የሷን ገንዘብስ?"

"አይመለስም።"

"ስንት ነበር?"

ነገርኳት። በሆዷ ወደ በግ መነዘረችው መሰለኝ፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። "ያች ልጅ ቆማ ነው እኮ የምትውለው" አለች። ሌላ አልጨመረችም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ማታ፣ ለበዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ የጎረቤታችን ልጅ መጣ። ፍርድ ቤቱ አካባቢ ጽሕፈት ቤት ከፍቶ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ይጽፋል። ስመጣ ፓወር ግዕዝ እንድይዝለት አስቀድሞ ደውሎልኝ ነበር። ሲዲውን አወጣሁ። አንዱ ከሌላው፣ ሌላው ከሌላው የገለበጠው፣ ፊቱ ላይ በእስክሪብቶ "ፓወር ግዕዝ ከነ ክራኩ" ተብሎ የተጻፈበት ነው። እናቴ ጥግ ይዛ ጥጥ ትፈትላለች።

"ይኼስ ምንድነው?" አለች።

"አማርኛ መጻፊያ ነው፣ እትዬ" አለ ልጁ።

"ፈቃድ አለው?"

ልጁ ሳቀ። "ይኼ በነጻ ነው።"

"ማን ሠራው?"

"የኛው ሰዎች ናቸው፤ አዲስ አበባ ያሉ" አልኩ እኔ።

"እነሱም እንደዚያኞቹ ለሁሉም በነጻ ይሁን አሉ?"

"አላሉም።"

እንዝርቷን አቆመችና አየችኝ። "እና አማርኛውንስ ከማን ገዛኸው?"

ልጁ ሲዲውን ኪሱ ከትቶ "በሉ ደህና እደሩ" ብሎ ወጣ። ነገሩ የቤተሰብ መሆኑ ገብቶታል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ መስቀል አልፏል፤ ለጥያቄዋ መልስ አላገኘሁለትም። ለመስረቃችን የምንሰጣቸውን ምክንያቶች እናንተም ታውቋቸዋላችሁ። ማይክሮሶፍት ሀብታም ነው፣ የእኛ መቶ ብር አይጎድልበትም። ካርድ የለንም። ዶላር የለም። ዋጋው ለእኛ ደሞዝ አልተተመነም። ሁሉም እውነት ናቸው፤ ሁሉም ግን ስለ ውጭው ዕቃ ነው። ፓወር ግዕዝ ይሸጥ የነበረው እዚሁ አዲስ አበባ፣ በብር ነው። ታክሲ ይዤ ደርሼ ሻይ ጠጥቼ እመለስ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ዋጋውን ጠይቄ አላውቅም። በየሳምንቱ ግን በእሱ እጽፋለሁ፤ ለጻፍኩትም ይከፈለኛል። እንጀራዬን የጋገርኩበትን ምጣድ ሰርቄ፣ ለመስኮቱ መጋረጃ ከአሜሪካ ገንዘብ አስልኬያለሁ።

ሕጉን ያያችሁት እንደሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ያን ጊዜ ወጥቶ ዓመት ያህል ሆኖት ነበር። የኮምፒዩተር ፕሮግራምንም ከሚጠብቃቸው ሥራዎች መሐል ቆጥሮታል። ጥበቃው ግን በዋነኛነት ለኢትዮጵያዊ ወይም እዚህ ለሚኖር ሠሪ፣ እዚህ ለታተመ ሥራ፣ አለዚያም አገራችን የገባችበት ስምምነት ለሸፈነው ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ የበርን ስምምነት የሚባለው የቅጂ መብት ማኅበር አባል አልነበረችም። እንደ አዋጁ ከሄድን የኖርዌዮቹ ሥራ እዚህ አገር ጠበቃ አልነበረውም፤ የፓወር ግዕዝ ሠሪዎች ግን ነበራቸው። እኔ ሕጉ ላላስገደደኝ በዶላር ከፈልኩ፣ ሕጉ የጠበቀውን ገለበጥኩ፤ ገልብጬም እስቴ ድረስ አደረስኩ።

ለምን? ብዙ አስቤበታለሁ። ያን ቁጥር ሳስገባ የተሰማኝ ኩራት የሐቀኛ ሰው ኩራት መስሎኝ ነበር። ውሸቴን ነው። ቪዛ የተመታለት ሰው ኩራት ነው። ስሜ ኦስሎ ባለ መዝገብ ገባ ነዋ! አዲስ አበባ ባለ የደረሰኝ ጥራዝ ላይ ስሜ ቢጻፍ ግን ማን ያይልኛል? "ይኼን ከፍለህ ነው የገዛኸው?" ብለው ወዳጆቼ ይስቁብኝ ነበር። ለፈረንጅ መክፈል ሥልጣኔ፣ ለጎረቤት መክፈል ሞኝነት። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004 ወደ አሥር ሺህ የሚሆኑ ሰዎች በነጻ ለሚታደለው ለፋየርፎክስ ገንዘብ አዋጥተው ኒውዮርክ ታይምስ ላይ ባለ ሁለት ገጽ ማስታወቂያ አውጥተውለታል። ያስገደዳቸው አልነበረም። የራሳችን የሚሉት ነገር ስለሆነ ነው። ፊደላችንን ኮምፒዩተር ውስጥ ላስገቡልን ሰዎች እኛ ምን አዋጣን? ግጥም። (እሱም ቢሆን በተሰረቀው ፓወር ግዕዝ የተተየበ።)

ፓወር ግዕዝም ሆነ የዚያ ዘመን ወንድሞቹ እንከን አልነበረባቸውም ማለቴ አይደለም። ፊደሉ ወዳልተጫነበት ኮምፒዩተር የተወሰደ ጽሑፍ ወደ ላቲን ዝብርቅርቅ ይለወጣል፤ ስንቱን ደብዳቤ እንዲህ አድርጎ በልቶብናል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ መዝገብ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ወደ እያንዳንዳችን ቤት እስኪደርስ ግን ዓመታት ፈጀ። እ.ኤ.አ. በ2007 ቪስታ የተባለው ዊንዶውስ ኒያላ የሚባል የግዕዝ ፊደል ይዞ መጣ። ዛሬማ በእጅ ስልኩ በአማርኛ የሚጽፍ ወጣት "አማርኛ መጻፊያ ይገዛ ነበር" ብትሉት ብራውዘር ይገዛ ነበር እንዳልኳችሁ ነው የሚያያችሁ።

ኦፔራስ ከመሸጥ ወጥቶ በምን በላ? በፍለጋ ሳጥኗ። የምትፈልጉትን ነገር ስትጽፉባት ወደ ጉግል ትወስዳችኋለች፤ ጉግልም ለወሰደችው ይከፍላል። ማስታወቂያዋ ከአናት ላይ ወርዳ ከጓዳ ገባች በሉት። እ.ኤ.አ. በጥር 2006 ደግሞ ኦፔራ ሚኒ የተባለውን ለእጅ ስልክ አወጡ። ገጹን በራሳቸው ኮምፒዩተር ላይ ጨምቀው፣ አሳንሰው የሚልኩት ነው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ መካነ ኢየሱስ ስሄድ ያ ባለ ጽሕፈት ቤት ልጅ በትንሽ ኖኪያ ኦፔራ ሚኒን ከፍቶ የኳስ ውጤት ሲያይ አገኘሁት። "ጋሼ፣ ይኼን ታውቀዋለህ?" አለኝ። አውቀዋለሁ አልኩት። ብራውዘሩ እ.ኤ.አ. በ2016 ለቻይና ባለሀብቶች ተሸጠ፤ ከመሥራቾቹ አንዱ ዮን ፎን ቴችነር ቀደም ብሎ ወጥቶ ቪቫልዲ የሚባል ሌላ ሠርቷል፣ እሱም በነጻ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተዘግቶ ለወራት ሲቆይ እስቴ ባለው ስልክ ሁሉ ውስጥ ብራውዘሩ አለ፤ በነጻ ተጭኖ። የሚያስሰው ነበር ያጣው።

ለፓወር ግዕዝ እስከ ዛሬ አልከፈልኩም።

ወረቀቱን ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት በ2009 ዓ.ም. ነው። እኅቴ ከስንት ዓመት በኋላ መጥታ አብረን መካነ ኢየሱስ ነበርን። እናቴ መሬቱ እንደገና በመሣሪያ ይለካል መባልን ሰምታ ደብተሩን ከሳጥኑ አስወጣችን። የታጠፈ ወረቀት አብሮ ወደቀ። እኅቴ አንስታ ዘረጋችው።

"ይኼ እንግሊዝኛው ምንድነው?"

"የወንድምሽ ነው" አለች እናቴ። "አንቺ የገዛሽለት።"

እኅቴ ከላይ እስከ ታች አነበበችውና ሳቀች። መነጽር ማድረግ ጀምራለች፤ ጉልበቷንም ያማታል። "ቁጥሩ አሁንም ይሠራል?" አለችኝ።

"አሁን ማንም ቁጥር አይጠይቅም" አልኳት።

እናቴ ወረቀቱን ከእጇ ተቀብላ፣ በእጥፋቱ ላይ አጥፋ፣ ከደብተሩ ሥር መልሳ አስገባችው።